ትራም ለመቀሌ፦ ከሐዲዱ በፊት የሚሰላው

መቀሌ ውስጥ ሕዝቡን የሚያመላልሱት ባጃጅና ሚኒባስ ናቸው። የጎዳና ባቡር ይዘርጋ ቢባል የመጀመሪያው ጥያቄ የተሳፋሪው ብዛት ነው። 200 ሰው የሚይዝ ባቡር በየ6 ደቂቃው ቢያልፍ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 2,000 ሰው ያደርሳል። 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ከሆነ ከ160 በላይ ጉዞ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ተሳፋሪ የሌለው መስመር አውቶቡስ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የሚታየው ዳገቱ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚይዘው ነገር ጥቂት ስለሆነ ኃይል ይቆጥባል፤ ዳገት ላይ ግን በዚሁ ምክንያት ይንሸራተታል። ስለዚህ ትራም አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሜትር ርቀት ከ6 እስከ 8 ሜትር ከሚወጣ ዳገት አያልፍም። ከመሐል ከተማ ወደ እንዳ ኢየሱስና ኲሓ መስመር የሚቀይስ መሐንዲስ ይህን አስቀድሞ መለካት አለበት።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ጣጣ አለው። በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በጣራው ላይ ያለው ክንድ ከሽቦው 750 ቮልት ይቀበላል፤ ፍሰቱ ሞተሩን ካዞረ በኋላ በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። ሐዲዱ ከመሬት በደንብ ካልተነጠለ ግን ከፊሉ ወደ አፈሩ ሾልኮ በአቅራቢያው የተቀበረውን የብረት ቱቦ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ቱቦ በፈነዳ ቁጥር ባቡር አቁሞ መቆፈርም አያዋጣም። ለዚህ ነው ከሐዲዱ ሥር ያለው የውኃ፣ የፍሳሽና የስልክ መስመር ቀድሞ የሚዛወረው።

መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባው ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ሲኖሩት 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። መስመሩ መታጠሩ ከመኪና መጨናነቅ አዳነው፤ ሠፈሩን ግን ለሁለት ከፍሎ እግረኛውን ለመሻገር ብቻ ሩቅ እንዲዞር አደረገው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹም በመለዋወጫ እጦት ቆሙ።

ወደ መቀሌው ስሌት እንመለስ። ከባቡሮቹ ግማሹ ቢቆሙ 6 ደቂቃው 12 ይሆናል፣ 2,000 ተሳፋሪውም 1,000። የቀረው ሰው ወደ ባጃጁ ይመለሳል፤ ዕዳው ግን በግማሽ አይከፈልም። የመለዋወጫና የጥገና ወጪ ከሐዲዱ ጋር በአንድ ውል ሊታሰር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።