«ጋሼ፣ ሽንት ሸንተዋል?»

አጎቴ የቡአ ኦፕሬሽን የተሠራላቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሻይና ብስኩት ቀምሰው፣ ከአልጋ ወርደው ጫማቸውን እየፈለጉ ነው። ክሊኒኩ የግል ነው፤ ስሙ ይቅር። «በርትተዋል፣ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ» ተባሉ። ሒሳብ ከፍለን፣ የመድኃኒት ወረቀት ተቀብለን ወጣን። ቤታቸው ከኮልፌ አጠና ተራ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ታክሲው ኮብልስቶኑ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር ቁስላቸውን በእጃቸው ደገፍ ከማድረግ በቀር ደህና ነበሩ። እንዲያውም ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ቀልድ ሁሉ ጀምረው ነበር።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ «ሆዴን ወጠረኝ» አሉ። ባለቤታቸው «ነፋስ ነው» ብለው ጤና አዳም ያለበት ቡና አፈሉላቸው። ምንም አልፈየደም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ግቢው ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የጤና ተማሪ መጥታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ጋሼ፣ ከኦፕሬሽኑ ወዲህ ሽንት ሸንተዋል?»

አልሸኑም። ክሊኒኩ ውስጥ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አፍረው አላነሱትም። ድንገተኛ ክፍል ቱቦ ሲገባላቸው ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ የተሠራ ሰው እግሩ ቀድሞ ይነቃል፣ ፊኛው ግን ዘግይቶ ነው ሥራ የሚጀምረው። ሲሞላም ላይታወቀው ይችላል። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ፕሮስቴቱ ያበጠ ወንድ፣ በተለይ ብሽሽቱ አካባቢ ከተሠራ፣ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ለመሆኑ በሽተኛው ለቤት መብቃቱ በምን ይታወቃል? የሚምታቱ ሁለት መለኪያዎች አሉ። አንደኛውን አልድሬቴ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 አወጡት፤ ለእንቅስቃሴ፣ ለአተነፋፈስ፣ ለደም ግፊት፣ ለንቃት፣ እንዲሁም ለቆዳ ቀለም (ኋላ በኦክስጅን መጠን ተተክቷል) ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል። ከ10 ውስጥ 9 ያገኘ ከማገገሚያ ክፍል ይወጣል። ከማገገሚያ ክፍል ነው ያልኩት፣ ወደ ቤት አይደለም። ለቤት የሚሆነውን ያዘጋጁት የቶሮንቶዋ ሐኪም ፍራንሲስ ቹንግና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እሱ የደም ግፊትና የልብ ምት፣ አረማመድ፣ ማቅለሽለሽ፣ ሕመምና መድማትን ያያል፤ እዚህም 9 ነው የሚያሳልፈው። መጀመሪያ ላይ መጠጣትና መሽናትም ነበረበት። ሁሉንም ሰው እስኪሸና ማስጠበቁ አላስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ ኋላ ወጣ። ለአብዛኛው ሰው ልክ ነው። እንደ አጎቴ ያለው ግን ሳይጠየቅ መውጣት የለበትም። የዚያን ቀን በነጥቡ ቢለኩ እኮ 10 ከ10 ያገኙ ነበር!

ነጥቡ የማይጠይቀው ሌላም ነገር አለ። ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ለ24 ሰዓት አብሮት የሚሆን ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል። እኛ ዘንድ አስታማሚ አይጠፋም እንላለን። ካራ ቆሬ አንድ ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ የምትኖር፣ ለዕለቱ የሥራ ባልደረባዋን ለምና ይዛ የመጣች ልጅስ? ባልደረባዋ ታክሲ ውስጥ አስገብታት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ጥግ ነው፤ ውኃው በጀሪካን ይቀዳል። ነርሷ «ሰው አለሽ?» ስትላት «አዎ» ትላለች። «ዛሬ ማታ ማን አብሮሽ ያድራል?» ብትባል ግን መልሷ ሌላ ይሆን ነበር።

የግላስጎው ሐኪም ጄምስ ኒኮል ወደ 9,000 የሚጠጉ ኦፕሬሽኖችን በሕፃናት ላይ ሠርተው ሳያስተኙ ወደ ቤት መላካቸውን የተናገሩት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ግን ነርሶቻቸው ቤት ድረስ እየሄዱ ሕፃናቱን ያዩ ነበር። ነርስ ቤት ድረስ መላኩ ቢከብድ እንኳ በማግስቱ አንድ ስልክ መደወል ምን ይከብዳል? ለአጎቴ የደወለ የለም።

ሌላኛው ጎናቸውም ቡአ አለበት፤ ቀጠሯቸው ለጥር ነው። «የዛሬውን እንኳ ሳልሸና ጫማዬን እንዳታቀርቡልኝ» ብለውናል።