በደቡብ ኦሞ ሕፃናትን ለማዳን የተደረገው የኅብረት ሥራ

የአንድ አገር ሀብት በጎተራ ካለው እህልና በበረት ካለው ከብት ብቻ አይቆጠርም፤ ነገ አራሽ፣ ነጋዴና መምህር የሚሆነው ልጅ ከሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው። ይህም በደቡብ ኦሞ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። በዚያ ምድር አንዳንድ ሕፃናት በሕይወት ይኖሩ ዘንድ የአገር ሽማግሌዎች፣ የተማሩ ወጣቶች፣ የመንግሥት ሹማምንትና ከሩቅ አገር የመጡ ወዳጆች ተባብረው መሥራት ነበረባቸው። የሥራቸውም ውጤት ለማንኛውም ማኅበር ትምህርት የሚሆን ነው።

ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ ለረጅም ዘመንም የደቡብ ኦሞ ዞን ዋና ከተማ ሆና የቆየች ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዪቱ ነዋሪ ከ20 ሺህ ጥቂት የበለጠ ሲሆን፣ የዞኑ ሕዝብ ደግሞ ከ570 ሺህ በላይ ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ የአስተዳደሩ አከፋፈል ተለውጦ የአሪ ሕዝብ የራሱ ዞን አለው። የሆነ ሆኖ ገበያው ሕዝቡን እንደ ቀድሞው ያገናኛል። ቅዳሜ በጂንካና በዲመካ፣ ሰኞ በቱርሚ፣ ሐሙስ በቀይ አፈር ይቆማል፤ የአሪ ገበሬ ቡናውንና እህሉን፣ የበናና የሐመር አርቢ ፍየሉንና ማሩን ይዞ ይመጣል። ቋንቋቸው የተለያየ ሕዝቦች በዋጋ የሚስማሙበት ስፍራ ይህ ነው።

በገበያ የሚስማሙት እነዚህ ሕዝቦች ስለ ልጅ አስተዳደግ ያላቸው ልማድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በካራ፣ በሐመርና በበና ሕዝቦች ዘንድ «ሚንጊ» የሚባል የቆየ ልማድ ነበር። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ ወይም ያላገባች ሴት የወለደችው፣ ወይም ወላጆቹ የሚገባውን ሥርዓት ሳይፈጽሙ የተፀነሰ ልጅ ሚንጊ ይባላል። እንዲህ ያለው ልጅ በመንደሩ ቢያድግ ዝናም ይጠፋል፣ ረኃብና በሽታ ይገባል፣ ሕዝቡም ያልቃል ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ ሕፃኑ ወደ ጫካ ተወስዶ ይጣላል፣ ወይም በወንዝ ይወረወራል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ክፉዎች ስለ ሆኑ አልነበረም፤ አንዱን ሰጥተው ብዙውን ያተረፉ እየመሰላቸው ነው። የእናቲቱ ኀዘን ግን ከማንኛዪቱም እናት ኀዘን ያነሰ አልነበረም።

ልማዱን ለማስቀረት የተነሣው ሰው ከሕዝቡ መካከል የወጣ ነው። ላሌ ላቡኮ በኦሞ ወንዝ ዳር ከሚኖረው፣ ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ ከሆነው ከካራ ሕዝብ የተወለደ ሲሆን፣ አባቱ ከመንደራቸው ርቆ ወደሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልከውት ከካራ ልጆች ቀድመው ከተማሩት ጥቂቶች አንዱ ሆነ። ከእርሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እኅቶቹ ሚንጊ ተብለው መገደላቸውን የተረዳው በጉልምስና ደጃፍ ላይ ሳለ ነበር። ከዚያ በኋላ ትምህርት የቀመሱ ጥቂት የካራ ወጣቶችን አስተባብሮ ከሽማግሌዎች ጋር መነጋገር ጀመረ።

የንግግሩ አካሄድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሽማግሌዎቹን «እምነታችሁ ከንቱ ነው» በማለት አልተጋፋቸውም። ርግማኑ የሚያሰጋቸው ልጁ በመንደሩ ሲኖር ከሆነ፣ ልጁን ለእኛ ስጡን፣ ወደ ጂንካ እንውሰደው፤ በዚህም እናንተ ከስጋት ትድናላችሁ፣ ልጁም ከሞት ይድናል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሽማግሌዎቹ ሥልጣናቸው ሳይነካ፣ ክብራቸውም ሳይዋረድ ሊቀበሉት የሚችሉት ሐሳብ ስለ ነበረ መንገዱ ተከፈተ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ይህ ሥራ «ኦሞ ቻይልድ» የተባለውን ድርጅት ወለደ፤ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን ሮም አብሮ ቆመ። ሕፃናቱ በጂንካ በተዘጋጀላቸው ቤት እየኖሩ በከተማዪቱ ትምህርት ቤት ገቡ። በ2005 ዓ.ም. የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ላሌን ከዓመቱ ወጣት አሳሾች ተርታ ባስገባው ጊዜ፣ ከሞት የተረፉት ሕፃናት ቁጥር 37 ደርሶ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ውጤት የተገኘው ግን በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የካራ ሽማግሌዎች ሚንጊን ከሕዝባቸው መካከል በይፋ አስቀሩ። ይህ ማለት ከዚያ በኋላ የሚወለደው የካራ ሕፃን በጂንካ ባለ ቤት ሳይሆን በእናቱ እቅፍ እንዲያድግ ተፈቀደለት ማለት ነው። ውሳኔው የካራ ብቻ እንደ መሆኑ፣ በሐመርና በበና ዘንድ በዚያን ጊዜ ልማዱ ገና አልተወገደም ነበር፤ ስለዚህም የጂንካው ቤት ሥራ አላበቃም።

ለዚህ ሥራ የሕግ መሠረት ቀድሞም አልጎደለም። ኢትዮጵያ የሕፃናትን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በሕይወት የመኖርና በወላጆቹ ወይም በአሳዳጊዎቹ እንክብካቤ የማደግ መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆችም በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ነገር ግን ሕግ ከታወጀ በኋላ በኦሞ ዳር ካለው መንደር እስኪደርስ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ሕጉን ወደ መንደሩ ያደረሰው የሽማግሌው ቃልና የወጣቱ ትዕግሥት ነው።

እንግዲህ ተባብሮ መሥራት ማለት ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ይሥራ ማለት አይደለም። ሽማግሌው ልማድን የማጽናትና የማፍረስ ሥልጣን አለው፤ ወጣቱ የሁለቱንም ዓለም ቋንቋ ያውቃል፤ መንግሥት ሕግና ትምህርት ቤት አለው፤ ወዳጁ ገንዘብ ያመጣል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሥራው በዚህ መልክ ባልተፈጸመ ነበር። ገንዘብ ብቻውን የመጣ ቢሆን ቤት ይሠራ ነበር፤ ሕፃኑን ለማስረከብ እሺ የሚል ሽማግሌ ግን አያስገኝም። ሹሙ ብቻውን በትእዛዝ ቢመጣ ልማዱ ተደብቆ ይኖር ነበር።

በትክክል ማከፋፈልም ለሁሉ እኩል መስፈር ማለት አይደለም። የጂንካ ልጅ ከቤቱ ተነሥቶ ትምህርት ቤት በእግሩ ይደርሳል፤ የኦሞ ዳር ልጅ ግን ማደሪያ፣ ቀለብ፣ ልብስና አማርኛ እስኪለምድ የሚረዳው ሰው ያስፈልገዋል። የወላጆቹም ኑሮ ተለውጧል። የካራ ሕዝብ ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ ወንዙን ስለ ገታው ያ ሙላት ቀርቷል። ጎተራው የጎደለበት ቤተሰብ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ከመላክ ይልቅ ከብት እንዲጠብቅ ቢያደርገው የሚያስደንቅ አይሆንም። ስለዚህ ልጁን መርዳት ቤተሰቡን ከመርዳት ሊለይ አይችልም።

በዚህ ሥራ የነጋዴው ድርሻ ምጽዋት ብቻ እንዳይመስል ያስፈልጋል። የሕፃናት ቤት በየወሩ እህል፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተርና ልብስ ይገዛል፤ በታወቀ ዋጋና በታወቀ ቀን የሚያቀርብለት ነጋዴ ካገኘ ከብክነት ይድናል። ሒሳብ አያያዝ የሚያውቅ ነጋዴ የማኅበሩን መዝገብ ቢመረምር፣ ለጋሾች በማኅበሩ ላይ ያላቸው እምነት ይጠነክራል። ዕድርም ቢሆን ቀብር ከማስፈጸም አልፎ ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት እንደሚችል በአዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ ዕድሮች አሳይተዋል። ከዚህም በላይ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ ስለ ፈቀደ፣ ማርና ቅቤ፣ የእጅ ሥራና የእንግዳ ማረፊያ ለሕፃናት ቤት ቋሚ መተዳደሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስጦታ አንድ ዓመት ሞልቶ በሌላው ዓመት ሊጎድል ይችላል፤ በገበያ የተተከለ ገቢ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ይታሰብበታል።

የጂንካ ነጋዴ ቅዳሜ ዕለት ከበናውና ከሐመሩ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ስለ ፍየል ዋጋ ይነጋገራል። በዚያው ስፍራ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቢጠይቅ፣ በጂንካ አድጎ ፊደል የቆጠረውን ልጅም ለሱቁ ጸሐፊ አድርጎ ቢቀጥረው፣ የልጁ ወገኖች ለገበያ በመጡ ቁጥር ያዩታል። ርግማን ያመጣል ተብሎ የተፈራው ልጅ ሒሳባቸውን አስልቶ ገንዘባቸውን ሲያስረክባቸው መመልከት፣ በሽማግሌዎች ዘንድ ከብዙ ስብከት የበለጠ ኃይል ይኖረዋል።