የሚሄደው ጠጠር

ጥቅምት ላይ፣ የክረምቱ ድፍርስ ሲጠራ፣ ከጥሊሊ በታች ወዳለ አንድ ጅረት ወረድኩ። ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ የመጣ ልጅ ድንጋይ ስገለብጥ አይቶ ቀረበኝ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?»

የመጀመሪያው ድንጋይ ባዶ ነው። ሁለተኛውም። ልመልሰው ስል ልጁ እጄን ያዘኝ።

«ቆይ ጋሼ! ጠጠሩ ይሄዳል!»

እውነቱን ነው። ደቃቅ ጠጠር ተገጣጥሞ የተሠራ፣ የጣት ጥፍር የማያክል ቱቦ ድንጋዩን ሽቅብ ይወጣል። ከጫፉ ጥቁር ጭንቅላትና ስድስት እግር ብቅ አለ። ካዲስፍላይ የተባለ ነፍሳት እጭ ነው። ከአፉ በሚያወጣው ሐር ጠጠሩን እያጣበቀ ቤት ይሠራል፤ ሲያድግ በፊት በኩል ይቀጥልበታል።

ከዚያ ወዲያ ዓይናችን ተገለጠ። «ባዶ» ያልነው የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ እንኳ ጠፍጣፋ፣ ባለ ሦስት ጭራ የሜይፍላይ ነፍሳት እጭ ተለጥፎ ነበር፤ ከሆዱ ግራና ቀኝ የሚተነፍስባቸው ስስ ላባዎች ይርገበገባሉ። ክንፍ ካወጣ በኋላ እንደገና ቆዳውን የሚገፍ ነፍሳት እሱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አፉ ሥራ ፈት ነው፤ ሳይበላ ይሞታል። ትራውት የተባለውን ዓሣ አጥማጆች ከላባና ከክር አስረው መንጠቆ የሚሸፍኑበት ሐሰተኛ ዝንብ የእነዚህ ነፍሳት አምሳል ነው። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቋል፤ እኔን ግን ከዓሣው ይልቅ ምግቡ ያጓጓኛል።

ሰዎች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ወረድን። ድንጋዩ ያሟልጫል፤ ቤት ተሸካሚም ባለ ጭራም የለም። ጭቃው ውስጥ የማትናከስ ትንኝ ቀይ እጭ ብቻ ይጠማዘዛል። ያቀላው እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ የሚያኖረውም እሱ።

ከማጠቢያው በላይና በታች ባሉት ድንጋዮች መካከል ያየነው ልዩነት ሳይንስ ሆኗል። ተመራማሪዎቹ ሃሪሰንና ሃይንስ የኢትዮጵያን የተራራ ጅረቶች ነፍሳት በ1988 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳተሙ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ አስቻለው ላቀውና ኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ ለደጋ ጅረቶቻችን «ኢትባዮስ» የተባለ መለኪያ አወጡ፤ ብክለት የማይችለው ነፍሳት ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል፣ የሚችለው ዝቅ ያለ። በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የዚያችን ሰዓት ብቻ ይናገራል፤ እጩ ግን ሳምንታት እዚያው ከርሟል።

እናንተም ጅረት ዳር ስትቆሙ አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ብዙ አትያዙት፤ በነበረበት ፊቱ መልሱት፣ ከሥሩ ቤት አለ።