በባልና በሚስት መካከል ስላለ ዝምታ

ትዳርን የሚያፈርሰው ጩኸት ይመስላችሁ ይሆናል። እኛ ግን በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ብዙ ዘመን የትዳር ክርክር ስንጽፍ ያየነው ይልቁንም ዝምታን ነው።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩት የዘመድ ዳኞች ነበሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከወጣ ወዲህ ግን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛውም አስቀድሞ ተጋቢዎቹን ለዕርቅ ያነጋግራቸዋል።

አንድ ቀን ለፍቺ የቀረበች ሚስት ምን በደለሽ ብትባል፥ «እናቴ በሞተች ጊዜ እንኳ አንድ ቃል አልተናገረኝም» አለች። ባልም ደንግጦ፥ «ሐዘኗን እንዳልቀሰቅስባት ብዬ ነው» ሲል መለሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አልተነጋገሩም ነበር። እኛም ብዕራችንን አቁመን ቆየን፤ ይህ ለጸሐፊ ነውር ቢሆንም።

ዕርቅ ባይሳካ ሕጉ ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ብዙዎች ግን ይህን ጊዜ ምስክር በመፈለግና ዕቃ በመቍጠር ይጨርሱታል። ለእነዚህ ሁለቱ የተመከሩት፥ ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ እንዲሰማ፥ የዓመቱንም ቅያሜ ሁሉ ትተው አንዱን ብቻ እንዲያነሡ ነበር። ዱላ ያለበት ቤት ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ከምክር በፊት የሚመታውን ሰው ከአደጋ ማራቅ ይገባል።

በቀጠሮው ቀን ሚስት ብቻዋን መጣች። አቤቱታው እንዲነሣ ሁለቱም የፈረሙበትን ወረቀት ይዛ፥ «ታሞ ተኝቷል፤ ሾርባው ሳይበርድበት ቶሎ ጨርሱልኝ» አለችን።