ዐረብ አገር የሄደች እህት ብትታመም ማን ያሳክማታል?

ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳትርቅ በጮቄ ተራራ አካባቢ ትገኛለች። ስሟን የሰጣት የሮብ ገበያ ሲቆም ገብሱ፣ ድንቹና በጉ ከየገጠሩ ይወርዳል። ከእህሉ ጋር ደግሞ ወሬው ይመጣል። ከወሬው ሁሉ የማይጠፋው የዐረብ አገር ወሬ ነው። የእገሌ ልጅ ስንት ላከች? የእነ እገሌ ቤት በማን ገንዘብ ቆርቆሮ ለበሰ? ደመወዙ ስንት ሪያል ነው? የትኛው ደላላ ቶሎ ያስኬዳል? ይህ ሁሉ በአደባባይ ይጠየቃል። አንድ ጥያቄ ግን ከእናትም ከአባትም አፍ ሲወጣ እምብዛም አንሰማም። ይኸውም «ልጅቷ እዚያ ብትታመም ማን ያሳክማታል?» የሚለው ነው።

እኛ በማስተማር ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች ይህን ጉዳይ ከሩቅ የምናየው አይደለም። መስከረም ላይ ስማቸውን የጠራናቸው ልጆች ዓመቱ ሳያልቅ ፓስፖርት ሊያወጡ ሲሄዱ እናያለን። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ በባዕድ አገር ስለሚሠሩ ወገኖቻችን የሕክምና ዋስትና፣ በተለይም ወረርሽኝ ሲመጣ ይህ ዋስትና ምን ያህል እንደሚያዛልቅ የምናውቀውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

የወረርሽኙ ዓመት ምን አሳየን?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ በሽታው በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ያን ጊዜ እዚህ ያለው ቤተሰብ ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ሪያድ፣ ጂዳ፣ ቤይሩትና ዱባይ ስላሉት ልጆቹም ሲጨነቅ ሰነበተ።

መጋቢት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. የሳዑዲው ንጉሥ ሰልማን በኮቪድ የተያዘ ሁሉ፣ ዜጋም ሆነ የውጭ አገር ሰው፣ ኢቃማ ያለውም ሆነ የሌለው፣ በመንግሥት ወጪ እንዲታከም አዘዙ። በታህሳስ 2013 ዓ.ም. ክትባቱ ሲጀመርም ለዜጎችና ለነዋሪዎች በነፃ ተሰጠ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም ትእዛዙ የወጣው ለአንድ በሽታ ነው። በዚያው ወቅት የሐሞት ጠጠር የያዛት፣ ክንዷ በፈላ ዘይት የተቃጠለ ወይም ምጥ የመጣባት እህት በዚህ ትእዛዝ ውስጥ አልነበረችበትም። ኢቃማ የሌላት ደግሞ ሆስፒታል ደጅ መድረሱ ራሱ ያስፈራታል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን በሺዎች ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በወረርሽኝ መካከል ሰው መመለስ በሽታውን ያዛምታልና ይቁም ብሎ ጠይቆ ነበር። በነሐሴ ወር ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች ከየመን ድንበር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ማጎሪያዎች ውስጥ ተጨናንቀው መያዛቸውን ይፋ አደረገ።

ቤይሩትን እንመልከት። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊባኖስ የሚሠራበት የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል አሠሪው መድን እንዲገባላት ያስገድዳል። በወረቀቱ ላይ ሲታይ መልካም ነው። ነገር ግን መድኑ የተንጠለጠለው በአሠሪው ላይ ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ወረርሽኙ ሲጨመርበት፣ በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. በርካታ እህቶቻችን ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው ሻንጣቸውን ይዘው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ሲጣሉ ዓለም አየ። አሠሪዋ መንገድ ላይ የጣላትን ልጅ መድን ማን ያድስላታል?

እንግዲህ ከዚያ ዓመት የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው። በችሮታ የተገኘ ሕክምና ችሮታው ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። በውል የተጻፈና ልጅቷ ራሷ የያዘችው ዋስትና ግን ስትታመም «መብቴ ነው» ብላ የምትጠይቅበት ነው። ከመሄዷ በፊት ልንጨነቅበት የሚገባንም ይህኛው ነው።

ተእሚን ሁሉ አንድ አይደለም

አንድ አባት የልጃቸውን ወረቀት ይዘው መጡ። «መምህር፣ ይህን እስኪ አንብቡልኝ። ልጄ ሪያድ ናት። ተእሚን አላት ብለውኛል፤ ሆዷን ካመማት ሁለት ወር ሆኗታል፣ ለምንድን ነው የማትታከመው?» አሉን። ወረቀቱ በዐረብኛ ነበር። ስናነበው በእርግጥ ተእሚን ይላል። ነገር ግን የጤና አይደለም፤ የሥራ ውሉ ተእሚን ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ ከየካቲት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል መድን እንዲኖረው አድርጋለች። ይህ መድን ሠራተኛዋ ሥራ ስታቋርጥ ወይም ስትሞት አሠሪውን የሚክስ ሲሆን፣ ለሠራተኛዋም ዘላቂ የአካል ጉዳት ሲደርስባትና ደመወዟ ሲቀር የሚሆን ድርሻ አለው። ሆዷን ላመማት ልጅ ግን ሐኪም አያቀርብላትም።

ስለዚህ ዓይነቶቹን ለይተን እንወቅ። የመጀመሪያው የጤና ተእሚን ነው፤ ምርመራን፣ መድኃኒትንና ሆስፒታል መተኛትን የሚሸፍነው እርሱ ነው። ሁለተኛው የአደጋና የሞት ተእሚን ሲሆን የሥራ ላይ ጉዳትንና አስከሬን ወደ አገር መመለስን ይመለከታል። በሊባኖስ ለቤት ሠራተኞች የሚገባው መድን በአብዛኛው ወደዚህ ያዘነብላል፤ ሆስፒታል መተኛትን ቢጨምርም ተራ የክሊኒክ ምርመራን ይተዋል። ሦስተኛው ከላይ ያየነው የሥራ ውል ተእሚን ነው። አራተኛው የመንገደኛ ተእሚን ሲሆን ለጥቂት ሳምንታት ጉዞ እንጂ ለኑሮ አይሆንም።

ከአገር አገርም ይለያያል

ሳዑዲ ዐረቢያ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የግል ድርጅቶች የውጭ አገር ሠራተኞቻቸውን የጤና መድን እንዲገቡላቸው አስገድዳለች። የቤት ሠራተኞች ግን ለብዙ ዓመታት ከዚህ ውጭ ነበሩ። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታው ወደ እነርሱም ቢደርስ፣ የሚመለከተው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ያሉትን አሠሪ ነው። የእኛ ልጅ ብቻዋን የምትሠራበት ቤት በዚህ ውስጥ አይገባም ማለት ነው። እዚያ የማሳከሙ ኃላፊነት የአሠሪው ነው፤ ለዚህም ነው ነገሩ ከመሄዷ በፊት በውሏ ላይ በግልጽ መስፈር ያለበት።

በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች መንገዱ ሌላ ነው። አቡ ዳቢ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዱባይ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የጤና መድንን ግዴታ አደረጉ። ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሻርጃን ጨምሮ በቀሩት አምስት ኤምሬቶች አሠሪው ለቤት ሠራተኛውም መድን ሳይገባ ኢቃማ ማውጣት ወይም ማደስ አይችልም። ግዴታው ሲጀመር ዝቅተኛው መድን የዓመት ዋጋው 320 ድርሃም ነበር፤ ከፋዩም አሠሪው ነው። ሆስፒታል ስትተኛ ግን ከወጪው 20 በመቶውን ታካሚዋ ትከፍላለች። ስለዚህ ዱባይ ያለች እህት የነገረችንን ይዘን ሪያድ ለምትሄደው ልንመክር አንችልም።

ወረርሽኝ ሲመጣስ?

የግል መድን ድርጅት ንግድ ነው። በውሉ መጨረሻ በትንንሽ ፊደል «የማንሸፍናቸው» የሚል ዝርዝር ይኖረዋል። ከኮቪድ በፊት በተጻፉ ብዙ ውሎች ውስጥ ወረርሽኝ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ነበረ። በተለይ የመንገደኛ መድን የሚሸጡት፣ በሽታው ከታወጀ በኋላ ለገዛ ሰው «አውቀህ ገባህበት» በማለት አንከፍልም ብለዋል። የሙሉ ጊዜ የጤና መድን የነበራቸው፣ በከፍተኛ ደመወዝ የተቀጠሩ የውጭ አገር ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው እንደማንኛውም በሽታ ታክመውበታል። ከአንድ አገር፣ ከአንድ ወረርሽኝ የተገኘው ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው ከውሉ ቃል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን አስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንስቶታል። ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም የሚል ግን የለም።

«መድን በዲናችን እንዴት ነው?»

ይህን የሚጠይቁን ወላጆች አሉ፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ፣ ለትርፍ የሚቋቋመው የንግድ መድን ከባድ ገረር ያለበት በመሆኑ እንደማይፈቀድ ወስኖ፣ በምትኩ በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድን አሳይቷል። ተካፉል የሚባለው ይህ ነው። የሳዑዲው ሕግ ራሱ የወጣው «የትብብር የጤና መድን» በሚል ስም ነው። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. የተካፉል መመሪያ አውጥቷል። አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እድራችን ሁሉም አዋጥቶ የደረሰበትን የሚረዳበት አይደለምን? አሠሪው በአገሩ ሕግ ተገድዶ ስለሚገባው መድን ዝርዝር ብይን የሚሻ ሰው ግን ዑለማዎችን ይጠይቅ።

«በሽታም ሽፋም ከአላህ ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ከአላህ መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን ኸሊፋው ኡመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ የወረርሽኙን ወሬ ሰምተው፣ ሰሃቦችን አማክረው መመለሳቸውን እናስታውስ። ተወኩል ሰበብን ከማድረስ ጋር እንጂ ከመተው ጋር አይሄድም።

ከመሄዷ በፊት

አንደኛ፣ በሕጋዊ መንገድ ትሂድ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። የፓስፖርትና የጤና ምርመራ ወጪ የሠራተኛዋ ነው። ስለዚህ «የመድን» ብሎ ከአባቷ በግ ተሽጦ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ቢኖር፣ የሚቀበለው የማይገባውን መሆኑን እንወቅ። በደላላና በድንበር የሄደች ደግሞ የምትጠይቅበት ውል የላትም።

ሁለተኛ፣ ውሉ ይነበብ። በየመድረሳው ዐረብኛ የቀሩ ወንድሞችና እህቶች አሉን፤ እውቀታቸውን እዚህ ላይ ይጠቀሙበት። «ተእሚን ሲሒ» ከሚል የጤና መድን ነው። «ሐዋዲስ» አደጋ፣ «ወፋት» ሞት፣ «ዐቅድ» ውል ነው። «ኢስቲስናኣት» የሚለው ርእስ ከተገኘ የማይሸፈኑት ዝርዝር ነውና ከሁሉ በላይ እርሱ ይነበብ። ከሥሩ «ወባእ» ወይም «ጃኢሐ» ካለ ወረርሽኝ አይሸፈንም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ካርዱን ማን እንደሚይዘው ይጠየቅ። በአሠሪዋ መሳቢያ የተቆለፈ ካርድ በሌሊት ላመማት ልጅ አይደርስላትም። የካርዱን፣ የኢቃማውንና የውሉን ፎቶ እርሷም በስልኳ፣ ቤተሰብም እዚህ ይያዝ። ካርዱ የሚያበቃበት ቀንም ይጻፍ።

አራተኛ፣ ስትደውል ስለ ጤናዋ እንጠይቃት። «ላኪ» ከማለት በፊት «ታመሽ ታውቂያለሽ? ሐኪም ቤት ወሰዱሽ?» እንበላት። ብዙዎቹ ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ሕመማቸውን ይደብቃሉ።

የቤቱም መድን አይዘንጋ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ አዋጥቶ ውል በተገባባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሚታከምበት ነው። ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም፤ የሮብ ገበያ ደብተር ሪያድ ላይ አይሠራም። ነገር ግን ሁለት ጥቅም አለው። አባት ቢታመም ሪያድ ያለችው ልጅ በሕመሟ ላይ ለሕክምናው ስትል ተጨማሪ ቤት አትሠራም። ታማ ብትመለስም ሳይዘገይ በቤተሰቡ መዝገብ እንድትገባ ቀበሌውን ከጠየቅን የምትታከምበት ደጅ ይኖራታል። «ልጃችን ትልካለች» ብለን መዋጮውን ማቋረጥ ሸክሙን መልሶ በእርሷ ላይ መጫን ነው።

ውድ ወላጆች፣ ልጅን ለሰው አገር መስጠት አማና ነው። ስለ ደመወዟ የምንጨነቀውን ያህል ስለ ሕክምናዋም ብንጨነቅ፣ ከመሄዷ በፊት ያለችውን አንዲት ሌሊት ውሉን በማንበብ ብናሳልፋት ምን ይጎዳናል? አንብቦ የሚያስረዳ ቢጠፋ መድረሳውም ትምህርት ቤቱም ክፍት ነው፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ። በባዕድ አገር ያሉትን እህትና ወንድሞቻችንን አላህ ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን። አሚን።