ለጋምቤላ የሚሆን የኤሌትሪክ ብስክሌት እንዴት ይመረጣል?

አዲስ አበባ ላይ የኤሌትሪክ ብስክሌት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጕልበት ነው። ለዚያ አገር ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከተማይቱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ስለ ሆነች ደካማ ሞተር ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሲወጣ ያቅተዋል። ጋምቤላ ግን በባሮ ዳር፣ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በሜዳ የተዘረጋች ከተማ ናት። የብስክሌት ጠላቷም ዳገት ሳይሆን ሙቀት ነው። ስለዚህ ለአዲስ አበባ የተሰጠ ምክር ለእኛ አያገለግልም፤ እኛ ከሞተሩ በፊት ስለ ባትሪው መጠየቅ አለብን።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ነገር ነው። እኅቱ ከደመወዟ ቆጥባ በላከችለት ገንዘብ አንድ ያገለገለ የኤሌትሪክ ብስክሌት ገዛ። ሻጩ የነገረው ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማታ ከባሮ ድልድይ ሲመለስ፣ ባትሪው ድንገት ጸጥ አለበት። ያን ከባድ ብረት እየገፋ ግቢ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ዛሬ ብስክሌቱ አቧራ ለብሶ ከግድግዳ ተደግፏል፤ እኅቱም ስትደውል «እንዴት ነው ብስክሌቱ?» ማለቷን አልተወችም።

በመጀመሪያ ገዢው ራሱን ይጠይቅ፤ በእርግጥ ሞተር ያስፈልገዋልን? እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ተራው ብስክሌት ስንቱን ሰው ያመላልሳል። የእግሩ ጤና የተሟላለትና መንገዱ አጭር የሆነ ሰው በተራው ብስክሌት ቢደሰት ገንዘቡ ይተርፈዋል። ሞተር የሚጠቅመው ከቀኑ ሙቀት የተነሣ መርገጥ ለሚከብደው፣ ወይም ከኋላው ሰው ወይም ዕቃ ለሚጭን ነው። ለእኛ ሜዳም በጎማው መካከል የተገጠመ የ250 ዋት ሞተር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ባትሪውን ቶሎ ይበላዋል።

የባትሪ ሒሳብ ቀላል ነው። በላዩ የተጻፈው ቮልት በአምፔር ሰዓት ሲባዛ ዋት ሰዓት ይሰጣል። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። እየረገጡ ለሚረዱት ሰዎች ብስክሌቱ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ይህ ባትሪ ከ24 እስከ 36 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በየማታው ወደ ባሮ ዳር ወጥቶ ለመመለስ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አቦቦ ደርሶ ለመመለስ ግን አይበቃም፤ መንገዱ መሄጃው ብቻ ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ባትሪው ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ እንደ መኪና ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የተሠራው ሲሆን ዋጋው ርካሽ ነው። ነገር ግን የ48 ቮልቱ አራት ባትሪዎች ክብደታቸው ብቻ ወደ 16 ኪሎ ይጠጋል፤ ደጋግመው ባዶ ካደረጓቸውም 300 ጊዜ ያህል ከተሞሉ በኋላ ይደክማሉ። ሌላው ሊቲየም ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ሆኖም ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ነው፤ ከተጠነቀቁለትም ከ500 ጊዜ በላይ ይሞላል። የዋጋው ልዩነት በዕድሜው ይካሳል፤ ርካሽ የተባለውም ሁለት ጊዜ ሲገዙት ርካሽነቱ ይቀራል።

ሙቀትን በሚመለከት፣ የሊቲየም ባትሪ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በላይ ሳለ መሞላት የለበትም። በየካቲትና በመጋቢት በእኛ አገር ጥላ ሥር እንኳ ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ብስክሌትማ ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ ባትሪው ከብስክሌቱ የሚወልቅ መሆን አለበት። ከጉዞ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በጥላ አሳርፎ ሌሊት ወይም ማለዳ መሙላት ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀንም የሚወልቀውን ባትሪ መብራት ወዳለበት ሰፈር ይዞ መሄድ ይቻላል። ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ የሊቲየሙን ባትሪ በግማሽ ያህል ሞልቶ፣ የእርሳሱን ግን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ያስቀምጥ።

ብስክሌቱን ከአዲስ አበባ ለሚያስመጣ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይገባም። ስለዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና መምጣቱ ነው፤ ተበላሸ ብሎ መመለሱም ከባድ ነው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ባትሪው ሙሉ ሲሆን በቮልት መለኪያ ይታይ፤ የ36 ቮልቱ ሊቲየም 42 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ከዚያም 10 ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንደ ገና ይለካ፤ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል። ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ፣ ጎማው ሰፊና በከተማችን የሚገኝ መጠን ይሁን። እሾኽ በበዛበት አገር የውስጥ ጎማ ዘወትር ይፈለጋል፤ እዚህ የማይጠገን ነገር ደግሞ ቢያምርም አይረባንም።

በመጨረሻም ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የቮልት መለኪያ ዋጋው ትንሽ ነው። ማኅበሩ አንድ ገዝቶ ለመግዛት ለተዘጋጀ ተማሪ ቢያውስ፣ በማንጎ ጥላ ሥር ካለው ክፍል አንዱንም ለባትሪ መሙያ ቢፈቅድ፣ የእኅት ቁጠባ በግድግዳ ሥር ቆሞ አቧራ አይለብስም ነበር። ጓደኛዬም ዐዲስ ባትሪ ለመግዛት ማጠራቀም ጀምሯል፤ በዚህ ጊዜ ግን መለኪያ ሳይይዝ ወደ ሻጭ እንደማይሄድ ነግሮኛል።