በጎንደር የአዝማሪ ጨዋታ አድማጭ የሚወደውን የሚመርጥበት መንገድ

ሰውን ማሣቅ ሙያ ነው። ባለሙያዎቹን በአደባባይ አወዳድሮ ተመልካች የወደደውን እንዲመርጥ ማድረግ በቴሌቪዥን የመጣ አዲስ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አገር፣ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከመጀመሩ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ አዝማሪው በአድማጩ ፊት ሲፈተን ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አድማጩ አንዱን አዝማሪ ከሌላው አብልጦ የሚወደው በምን መለኪያ እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

1. ባለሙያው

አዝማሪ ማሲንቆ እየመታ የሚዘፍንና ግጥም እዚያው በቃሉ የሚደረድር ሰው ነው። የማሲንቆው አውታር አንድ ብቻ ሲሆን የሚሠራውም ከፈረስ ጭራ ነው። ሙያው ባብዛኛው ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቿ የታወቀች መንደር ናት። አዝማሪዎች አድማጭ ሳያውቅባቸው እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት የምሥጢር ቋንቋም አላቸው። የሚጫወቱት በሠርግ፣ በክብረ በዓል፣ በጠጅ ቤትና በአዝማሪ ቤት ነው። ብዙ ጊዜ ወንዱ ማሲንቆውን ሲመታ ሴቷ እየተቀበለች ትዘፍናለች።

2. የጨዋታው ሥርዓት

አዝማሪው እንግዳውን በመልኩ፣ በአለባበሱ ወይም በመጣበት አገር እያነሣ ያወድሰዋል፤ ቆይቶም ይነካካዋል። እንግዳውም ዝም ብሎ የሚሰማ አይደለም። «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ያንን ተቀብሎ በዜማ ያሰማለታል። በዚህ መንገድ አንዱ እንግዳ ከፊቱ የተቀመጠውን ባልንጀራውን በአዝማሪው አፍ ሊነካው ይችላል፤ የተነካውም ተራውን ስንኝ ሰጥቶ ይመልሳል። ስለዚህ አድማጩ ዳኛ ብቻ ሳይሆን ተወዳዳሪም ነው። ፍርዱንም የሚሰጠው ከመቀመጫው ተነሥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር በመለጠፍ ነው።

3. የምርጫው መለኪያ

አንደኛው መለኪያ ፍጥነት ነው። አስቀድሞ የተጠና ግጥም ለማንም እንግዳ ሊባል ይችላል፤ አድማጩ ግን የሚወደው ስለ ራሱ፣ በዚያች ሰዓት የተባለውን ነው።

ሁለተኛው ኅብረ ቃል ነው። ጎንደር የቅኔ ሊቃውንት አገር ስለ ሆነች ሰምና ወርቅ ለይቶ መስማት በምእመኑም ዘንድ የተለመደ ነው። ነገሩ እንዲገለጥ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚከተለውን ስንኝ ለምሳሌ ያህል አዘጋጅቷል።

ዋና የተማረ እንግዳ መጥቶልኛል፤
ጣና ላይ ቢጥሉት አይሰጥም ብለውኛል።

ኅብሩ «አይሰጥም» የሚለው ቃል ነው። በተራ ንግግር «አይሰጥምም» የሚባለው በግጥም መጨረሻው «ም» ሲዋጥ «ገንዘብ አይሰጥም» ከሚለው ጋር አንድ ይሆናል። ሰሙ፣ እንግዳው ዋና ስለሚያውቅ ውኃ አይውጠውም ማለት ነው። ወርቁ ግን እጁ ከኪሱ አይወጣም ማለት ነው። እንግዳው ብር ካወጣ ግጥሙን ሐሰት ያደርገዋል፤ ዝም ካለ ግን በሰው ሁሉ ፊት እውነት ያደርገዋል።

ሦስተኛውና ዋናው መለኪያ ልክ ማወቅ ነው። የተነካው ሰው ራሱ ካልሣቀ ጨዋታው ወደ ስድብ ይለወጣል፤ ይህም ለአዝማሪው እንጀራውን ማጣት፣ አንዳንድ ጊዜም ጠብ ነው። አዋቂ አዝማሪ ስለዚህ በነካበት አፉ ወዲያው አወድሶ ይክሳል።

4. ከቴሌቪዥን ውድድር ጋር ሲነጻጸር

በአገራችን እንደ ተስፋዬ ካሣና እንደ ክበበው ገዳ ያሉ ቀልደኞች ብቻቸውን መድረክ ላይ ቆመው በማሣቅ ታውቀዋል። ይህንኑ ዓይነት ቀልድ በውድድር መልክ ካቀረቡት መካከል በአሜሪካ በኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የተጀመረው «ላስት ኮሚክ ስታንዲንግ» ይገኛል። የመጀመሪያው አሸናፊ የቬትናም ተወላጁ ዳት ፋን ሲሆን የተመረጠው በተመልካች ድምፅ ነበር። በ2004 ግን በዳኝነት የተቀመጡት ድሩ ኬሪና ብሬት በትለር፣ ያለፉት ቀልደኞች እነርሱ ከሰጡት ነጥብ ጋር አይስማሙም ብለው በይፋ ቅር ተሰኝተዋል። ከዚህ የምንረዳው ምርጫው ከአዳራሹ ሲወጣ «ዳኛው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደሚነሣ ነው። በአዝማሪ ቤት ይህ ጥያቄ የለም፤ ብሩ ሲለጠፍ ሁሉም ያያል።

ሌላም ልዩነት አለ። በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ተመልካች ራሱ አይነካም፤ መልስም አይሰጥም። ስለዚህ የሚመርጠው በየትኛውም ቤት ሊያሥቅ የሚችለውን ቀልድ ነው፤ በአንድ ሰው፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቃል ላይ የተሠራው ግን ያመልጠዋል።

5. ማጠቃለያ

አድማጭ አዝማሪን ማታ ይወደዋል፤ ቀን ግን ለረጅም ዘመን ሙያውን ሲንቅ ኖሯል። የቃሉን ክብደት ጠላት እንኳ ዐውቆት ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከባሕታውያንና ከጠንቋዮች ጋር አዝማሪዎች እንዲገደሉ ማዘዙ የታወቀ ነው። የአዝማሪው ጨዋታ በማሲንቆ ብቻ አይቆምም፤ ኅብሩን የሚሰማ፣ ተነክቶ የሚሥቅና ስንኝ የሚመልስ አድማጭ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው አድማጭ ሲጠፋ ባለሙያው የሚይዘው ሁሉም የሚያውቀውን ግጥም ብቻ ይሆናል። እንግዲህ የአዝማሪን ሙያ የሚያጠና ሰው የአዝማሪውን ግጥም ብቻ ሳይሆን አድማጩ የሰጠውንም ስንኝ አብሮ ሊመዘግብ ይገባዋል።